ባቡሩን ለምን አቆሸሻችሁት ላላችሁኝ

ባለፈው የክበባችን ልጆች የሠሩትን የባቡር ሞዴል ፎቶ ለጥፌ ነበር። አስተያየቱን ሳነብ አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁኝ አንድ ነገር ነው፦ "ቲቸር፣ እንዲህ ተለፍቶበት አምሮ ከተሠራ በኋላ ለምን አቆሸሻችሁት?" አንዱ ቀልደኛ ደግሞ "ሳሙና ልላክ ወይ?" ብሏል። አንተን አውቄሃለሁ፣ ዘጠነኛ ክፍልም እንዲሁ ነበርክ። መልሱ በሁለት መስመር አያልቅልኝም፤ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ቡና የፈላላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቱ የእኛው ነው፣ የፈረንጅ ሲሆን እናገራለሁ።

ከራሳችን ልጀምር። አዊ ውስጥ ሀዲድ የለም። እንጅባራ ተወልዶ፣ ዳንግላ ተምሮ፣ ባሕር ዳር የተመረቀ ልጅ ባቡርን የሚያውቀው በፊልም ነው። ቃሉን ግን ከሕፃንነቱ ይሰማዋል፤ ምክንያቱም የድሮ ሰዎች በሞተር የሚሠራውን ወፍጮ "ባቡር ወፍጮ" ነበር የሚሉት። ለእነርሱ እየጮኸ፣ እያጨሰ የሚሠራ ነገር ሁሉ ባቡር ነው። አልተሳሳቱም። ቃሉ ከእንፋሎት ጋር የተያያዘ ነው፤ ፈረንሳዮች እንፋሎትን "ቫፐር" ይሉታል፣ በቱርክና በዓረብ አፍ ዞሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ ባቡር ሆነ። በምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የተባለ አርመናዊ አዲስ አበባ ያስመጣው የእንፋሎት መንገድ መዳመጫም "የሰርኪስ ባቡር" ተብሎ ነው የቀረው። ሀዲድ ነክቶ አያውቅም።

የሀዲዱ ባቡር ታሪክ ከአልፍሬድ ኢልግ ይጀምራል። ኢልግ ዙሪክ የተማረ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ነው፤ በ1871 ያኔ ገና ንጉሠ ሸዋ ወደነበሩት ወደ ምኒልክ መጣ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ በ1886 የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡት። ውሉን ስታነቡ ሕልሙ ያስገርማል፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በከፋ አልፎ ነጭ ዓባይ! ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። በረሃው፣ የውሃው ችግር፣ በሠራተኞቹና መሬታችን ተነካ ባሉ አርብቶ አደሮች መካከል የተነሳው ግጭት፣ ይህ ሁሉ ሰው በልቷል። ሐረር መውጣት ደግሞ ተራራው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆኖ ተገኘና መስመሩ ከሥር በሜዳው ዞረ። በ1895 ሀዲዱ የደረሰበት ሜዳ ላይ ከተማ በቀለ፤ ድሬዳዋ ማለት ያ ነው። ባቡር ሐረርን ትቶ የወለደው ከተማ።

እዚህ ላይ የመማሪያ መጽሐፉ ዘልሎት የሚሄደው ነገር አለ። ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት፤ የፈረንሳይ መንግሥት ደጎመው፤ በድጎማውም እጁን አስገባ። ምኒልክ በግል ኩባንያ ስም የጀመሩት ሥራ የባዕድ መንግሥት መግቢያ በር ሊሆን መሆኑን ሲያዩ ተቆጡ። ሥራው ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ተገትሮ ቀረ። በ1900 አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ እንደገና ተነሳ፣ አዋሽን ተሻገረ፣ በ1909 ግንቦት አዲስ አበባ ገባ። ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር። ምኒልክ ግን ካረፉ ሦስት ዓመት አልፏቸው ነበር። የሚገርመኝ፣ ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ያዘኑት ለኩባንያው ክስረት አይደለም፤ "እሳቸው አዲስ አበባ ሲገባ ሳያዩት?" ነው ያሉት።

ፈረንሳይኛው በአማርኛችን ላይ የተወው ምልክት ብቻውን ትምህርት ነው። "ላ ጋር" ማለት ጣቢያው ማለት ነው፤ እኛ ለገሃር አልነው፣ ሰፈሩም ታክሲውም በዚያው ቀረ። የዕቃ ሠረገላውን ፉርጎ የምንለውም ከእነርሱው ወስደን ነው። አሁን የምናየው የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ነው።

አሁን ወደ ሞዴሉ። የድሮው መስመር ጠባብ ሀዲድ ነው፤ በሁለቱ ሀዲዶች መካከል ያለው ስፋት ልክ 1 ሜትር። አሁን ቻይናዎቹ የሠሩት አዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ጠባቡ የተመረጠው ስለሚረክስ ነው፤ ተራራው ብዙ መቆረጥ የለበትም፣ ባቡሩም በጠባብ ኩርባ ይጠመዘዛል። ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ለሚወጣ መንገድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኪሳራው ደግሞ ፍጥነትና ጭነት ነው። ርካሽ ነገር ሂሳቡን በኋላ ነው የሚያመጣው።

በዓለም ላይ እንዲህ ያሉ ጠባብ ሀዲዶችን በትልቅ ሞዴል የሚሠሩ ብዙ ሰዎች አሉ። መነሻቸው በፈረንጆቹ 1968 ኑረምበርግ ያለው ሌማን የተባለ የጀርመን መጫወቻ ፋብሪካ ያወጣው "ኤልጂቢ" የሚባል ባቡር ነው። የመጫወቻው ሀዲድ ስፋት 45 ሚሊ ሜትር ነው። የባለ 1 ሜትሩን ሀዲድ ለ22.5 ስታካፍሉት 44.4 ይመጣል፤ ስለዚህ 1 ለ22.5 ልኬቱ ሆነ። ያው 45 ሚሊ ሜትር ለሰፊው ሀዲድ ሲሆን ልኬቱ 1 ለ32 ነው፤ 1,435ን ለ32 አካፍሉና እዩት። ይኼን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የሂሳብ መምህሩ በመስኮት አይቶ "ክፍለ ጊዜዬን ወሰድክብኝ" አለኝ።

ፋብሪካው የሚሸጠውን መግዛት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ በእጃችን ባለው ሠራን። የጠርሙስ ቆርኪ ስፋቱ 32 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በ22.5 ብታባዙት 72 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ለፊተኛዋ ትንሿ ጎማ ልክ የሚገባ። ለማፍያው በርሜል (ውሃው የሚፈላበት ማለቴ ነው) ትንሿን የቲማቲም ድልህ ጣሳ ደርድረን በስታኞ በየድናቸው። የመረጥነው ከመጀመሪያዎቹ የእንፋሎት ባቡሮች ዓይነት ነው፤ ከፊት አንድ ጥንድ ትንሽ ጎማ፣ ከኋላ ሦስት ጥንድ ትልልቅ ጎማ። የዚያ መስመር የመጀመሪያ ባቡሮች የተሠሩት ስዊዘርላንድ፣ ቪንተርቱር ከተማ ውስጥ ነው፤ የኢልግ አገር ፍራውንፌልድ ጎረቤት። ሰውየው የአገሩን ሰው አልረሳም ማለት ነው።

የሀዲዱ ተሸካሚ ላይ ክርክር ተነሳ። ልጆቹ በፊልም እንዳዩት ከእንጨት ሊሠሩት ፈለጉ፤ እንጨት ደግሞ በእኛ አገር ሞልቷል። የእኛው መስመር ተሸካሚ ግን ብረት ነበር። ቆላ ውስጥ እንጨት መሬት ላይ ብታጋድሙ ምስጥ ምን እንደሚያደርገው ማንም ገበሬ ይነግራችኋል። ስለዚህ ከዘይት ቆርቆሮ እየቆረጥን አንድ በአንድ አጠፍን። ጣታቸው ቆስሏል፣ ግን ማንም ተው አላለም።

አንዷ ልጅ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት መስመሩን ሁሉ አሰላችው። 784 ኪሎ ሜትር ለ22.5 ሲካፈል 35 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። "ቲቸር፣ ለገሃርን እንጅባራ ብንተክለው ጅቡቲ ዳንግላ አካባቢ ይሆናል" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሚኒባስ ወደ ዳንግላ በሄድኩ ቁጥር አዋሽ የት ነው፣ ድሬዳዋ የት ነው እያልኩ ነው የምቆጥረው።

እንግዲህ ቆሻሻው። ቀለም ቀብተን ስንጨርስ ባቡሩ እንደ አዲስ ጫማ አበራ። ማየት ደስ ይላል፣ ግን ውሸት ነው። እንዲህ ያለ ባቡር በዚያ መስመር ላይ ከመጀመሪያው ቀን በቀር ሮጦ አያውቅም። ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ማርጀቱን እንደ ሙያ ነው የሚይዙት፤ እድፉን በዘፈቀደ አይረጩትም። እያንዳንዱ እድፍ ከየት መጣ፣ ለምን እዚህ ሆነና እዚያ አልሆነም ብለው ይጠይቃሉ። ይኼ የታሪክ ሥራ ካልሆነ ሌላ ምን የታሪክ ሥራ አለ?

ጥቀርሻውን እንውሰድ። ባቡሩ ወደፊት ሲሄድ ጢሱ ወደ ኋላ ይተኛል። ስለዚህ የሚጠቁረው ከጢስ ማውጫው በስተጀርባ ያለው የማፍያው ጀርባና የነጂው ቤት ጣራ ነው፤ የፊቱ ግንባር ያን ያህል አይጠቁርም። ለጥቀርሻ ከሰል ያስፈልጋል፤ ፋግታ ለኮማ ጎረቤታችን ሆኖ የከሰል ዱቄት ቸገረን ብንል ማን ያምነናል? የዲከረንስ ከሰል ወቅጠን በሻይ ማጥለያ ነፋነው።

ነጩ መስመር ግን ከሁሉም በላይ ታሪክ ያለው ነው። ፎቶውን ያጎላችሁ ሰዎች ከማፍያው ጎን ወደ ታች የወረደ ነጭ ነገር አይታችኋል። ኖራ ነው። እንፋሎት ባቡር ውሃ ካላገኘ ብረት ብቻ ነው፤ ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ደግሞ አገሩ በረሃ ነው። የተገኘውን ውሃ መጠጣት አለበት። ማዕድን የበዛበት ውሃ ሲተን ኖራውን ጥሎ ይሄዳል፤ ከውስጥ ቧንቧውን ይዘጋል፣ ከውጭ በቧንቧ መጋጠሚያና በእንፋሎት መተንፈሻው ሥር ነጭ እንባ ያወርዳል። እናቶቻችን ከማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚፍቁት ነገር ማለት ነው። እኛ ጠመኔ ፈጭተን በቀጠነ ኮላ ለውሰን በቀጭን ብሩሽ አወረድነው። በዚያች ነጭ መስመር ስለ መስመሩ የውሃ ችግር የተማሩትን ልጆቹ በፈተና አይረሱትም።

የአቧራው ነገር ይበልጥ አስቸገረ። የእኛ አፈር ቀይ ነው። ቀይ አፈር የነካው ባቡር የባንጃ ባቡር ይሆናል እንጂ የድሬዳዋ አይሆንም። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረ የቀድሞ ተማሪዬ ለእረፍት ሲመጣ አንድ እፍኝ አፈር በፌስታል ቋጥሮ አመጣልን። ነጣ ያለ፣ አሸዋማ ነው። (አንተ ልጅ፣ ፍተሻ ላይ ምን አልክ ብዬ አልጠየቅኩህም።) ነፍተን ከጎማው አካባቢና ከታችኛው ክፍል ላይ በለስላሳ ብሩሽ አሳረፍነው። በማንቀሳቀሻ ዘንጎቹ ላይ ደግሞ ከባጃጅ ጋራዥ ያገኘነውን የተቃጠለ ዘይት በስንጥር ጫፍ ጠብ አደረግን።

የመጨረሻው ሥራ ማቆሸሽ አልነበረም፤ ማጽዳት ነው። የነጂው መወጣጫ ላይ፣ እጀታው ላይ፣ የእሳት ቤቱ በር መዝጊያ ላይ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ አድርገን የእርሳስ ዱቄት አሸንበት፤ ብረቱ አበራ። ሰው በየቀኑ የሚይዘው ብረት አይዝግም፣ ቀለምም አይቆይበትም። እሳት አንዳጁ በየጉዞው አካፋውን ይዞ የቆመበት ቦታ ያ ነው። መጀመሪያ ላይ ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር፤ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ነው የሚደርሰው። አዋሽ ላይ ያለው ቡፌም ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። የመንገደኞቹ ስም በየመጽሐፉ አለ፤ መኳንንቱ፣ አምባሳደሩ፣ ጋዜጠኛው። የእሳት አንዳጁን ስም ፈልጉልኝ እስቲ። የቀረው ምልክት ያ የተሸለተ ብረት ነው።

ስለ መንገደኛ ካነሳን የእኛን አገር የሚነካ አንድ ነገር ልጨምር። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ የወጡት በዚሁ ባቡር ነው፤ ጅቡቲ ደርሰው በእንግሊዝ መርከብ ሄዱ። ሲመለሱ ግን ባቡር አልነበረም። ጥር 1933 ኦሜድላ ላይ ባንዲራ ሰቅለው በበላያ በኩል ጎጃም ገቡ፤ የጌድዮን ጦርም በእንጅባራ አድርጎ ወደ ቡሬ ወረደ። በአገሪቱ ብቸኛ በሆነው የፈረንጅ መንገድ ወጥተው በበቅሎና በግመል መንገድ በእኛ ደጅ ተመለሱ ማለት ነው። ከዚያም በፊት ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረባት፤ ቺዝማን የተባለው ቆንስል ጣናንና ዓባይን ያጠናው እዚያ ተቀምጦ ነው። ያኔ ለገሃር የወረደ ሰው ወደ ዳንግላ ልምጣ ቢል የሚጠብቀው በቅሎ ነበር። በኋላ በወጣው የአገር አቀፍ የባቡር ዕቅድ ላይ ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር የሚል መስመር ነበረበት፤ መኪና መንገዱን የምታውቁ መሀል ላይ ማን እንዳለ ታውቃላችሁ። እስካሁን በወረቀት ነው።

አሁን ስለ ዝገቱ። ፎቶው ላይ ባቡሩ ቆሽሿል እንጂ አልዛገም፤ ልብ ያሉ ሁለት ሰዎች ይህንን ጠይቀውኛል። የሚሠራ ባቡር ብዙም አይዝግም፤ በዘይት ይታሻል፣ ይጠረጋል፣ ይሞቃል። ቆሻሻ የሥራ ነው፣ ዝገት የመቆም ነው። ስለዚህ ከመቀባታችን በፊት ልጆቹ የትኛውን ዓመት እንደሚሠሩ መወሰን ነበረባቸው፦ በ1920ዎቹ ሲሮጥ የነበረውን ወይስ ዛሬ የቆመውን? አንድ ሙሉ ሰዓት ተከራከሩ። አንዱ "ያለውን ነው መሥራት ያለብን፣ ያለው ደግሞ የዛገው ነው" አለ። ሌላዋ "ለዛገው እናቱም አትለየው፣ ሲሠራ ካላየነው ምን እንደነበር እንዴት እናውቃለን?" አለች። በድምፅ ብልጫ የሚሮጠው አሸነፈ። ተሸናፊው ግን ዝም አላለም፤ ለብቻው አንድ ፉርጎ ሠርቶ ጨውና ኮምጣጤ የነካ ቆርቆሮ ዝናብ ላይ አሳድሮ እውነተኛ ዝገት አበቀለበት። ከሁሉም የሚያምረው፣ እውነቱን ልናገር፣ ያ ፉርጎ ነው።

ምክንያቱም የመቆሙም ታሪክ ታሪክ ነው። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮቹ ፈርሰው መስመሩ ተቋረጠ። ጥር 1977 አዋሽ አጠገብ ፈጣኑ ባቡር ኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ገደል ወረደ፤ 428 ሰው ሞተ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው ነው ይባላል፤ እኔ ተማሪ ሳለሁ ግን ማንም አስተማሪ አልነገረኝም። ቅድም ስለ ጠባብ ኩርባና ስለ ርካሽነት የጻፍኩትን አስታውሱት። ከዚያ ሀዲዱ እያረጀ፣ መለዋወጫው እየጠፋ ሄዶ በ2000 ገደማ አዲስ አበባና ድሬዳዋን የሚያገናኘው ጉዞ ቆመ። መስከረም 2009 አዲሱ ተመረቀ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ሰፊ፣ ፈጣን። ጥሩ ነው፤ ለዕቃችን ወደብ ያስፈልገናል፤ እኔ የድሮ ናፋቂ አይደለሁም። ግን አዲሱ በለገሃር አያልፍም።

የድሬዳዋው የጥገና ጋራዥ ግን አሁንም አለ። ያረጁት ባቡሮች በግቢው ቆመዋል፤ ብረት የሚቆርጡትና የሚያለዝቡት ማሽኖችም አሉ። ከውጭ መለዋወጫ በማይመጣበት ጊዜ የጎደለውን ቁራጭ እዚያው ቀርጸው የሚያወጡ ባለሙያዎች ነበሩት። ብረቱ እንኳን ይቆያል። የሚያሰጋኝ ጭንቅላቱ ነው። የትኛው ቧንቧ የት ይገባል፣ ኩርባው ላይ በጆሮ ምን ይሰማል የሚለውን የሚያውቁት አዛውንቶች ናቸው፤ ወጣት ሆነው የገቡት ራሳቸው ዛሬ ሽማግሌ ሆነዋል።

ጎረቤት ኤርትራ ላይ የሆነውን ተመልከቱ። ከምፅዋ አስመራ የሚወጣው ሀዲድ ከእኛም ይጠባል፤ 950 ሚሊ ሜትር ነው። 118 ኪሎ ሜትር ሄዶ ከባሕር ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ይወጣል። በጦርነቱ ጊዜ ሀዲዱ እየተነቀለ የምሽግ ጣራ ሆኖ ነበር። በኋላ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተመልሰው መጡ፣ ብረቱን ከየምሽጉ እየሰበሰቡ መልሰው አነጠፉት፤ በፈረንጆቹ 2003 ባቡሩ አስመራ ገባ። በፈረንጆቹ 1938 ጣሊያን ውስጥ አንሳልዶ የሠራቸው "ማሌ" የሚባሉ የእንፋሎት ባቡሮች ናቸው የተነሱት፤ በአንድ ማፍያ ሥር ሁለት ሞተር፣ የፊተኛው በኩርባ ላይ እንደ በሬ አንገት የሚዞር፤ እንፋሎቱም ከኋለኛው ሠርቶ ሲወጣ ሳይባክን ፊተኛውን ደግሞ ይገፋል። ሞዴል ሠሪዎች የሚሞቱለት ባቡር ነው። ያ ሁሉ የተቻለው የሚያውቁት ሰዎች ገና በሕይወት ስለነበሩ ነው።

አንድ ባልደረባዬ "ለማናውቀው ባቡር ይህን ያህል መጨነቅ ምንድነው፣ የአገው ፈረስ አትሠሩም?" ብሎኛል። እንሠራለን፤ ፈረሱም ላይ ግን ላቡንና የኮርቻውን ቁስል ካላሳየን አልስማማም ብየዋለሁ። ሳቀ።

አሁን ልመና አለኝ። የሞዴሉ ጀርባ ገና አልተጠናቀቀም፤ ከሰሉና ውሃው የሚጫንበት የኋላ ክፍል ከበስተኋላው ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ጥርት ያለ ፎቶ አላገኘንም። ሁሉም ሰው ፎቶ የሚነሳው ከፊት ነው። ከእናንተ መካከል አባቱ ወይም አያቱ ምድር ባቡር የሠሩ፣ በተለይ የድሬዳዋና የአዋሽ ልጆች፣ ቤት ውስጥ አሮጌ አልበም ካለ እስቲ አገላብጡ። መሣሪያም ይሁን የደንብ ልብስ፣ ከኋላ የቆመ ባቡር ካለበት በስልካችሁ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ስምና ሥራቸውን አብራችሁ ጻፉልኝ፤ እሳት አንዳጅ ካለ ደግሞ መጀመሪያ የእርሱን።